ዘጠኝ ያሉኝ አፈሙዝ

የካቲት 3 ቀን 2011፣ ንፋስ መውጫ

ይህ ደብተር የእህቴ የማሚቴ ልጅ የየሺ ነው። ከፊት በኩል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ ተጽፎበታል። ግማሹ ባዶ ስለቀረ ገልብጬ ከኋላው ጀመርኩት። ኬሚስትሪውንም አነበብኩት። ከባጃጅ ካርቡሬተር ይቀላል።

ዛሬ ትንሿ አበቃላት። ትንሿ የምንላት የኢላማ ማኅበራችን ጠመንጃ ናት። ጥይቷ ርዝመቱ የክብሪት እንጨት ግማሽ ቢሆን ነው፤ ድምጿ እንደ ጅራፍ ነው፤ ላም እንኳ ቀና ብላ አታያትም። ፖሊስ ጣቢያ ታድራለች፤ ቅዳሜና እሑድ በፊርማ አውጥተን ወረቀት እንበሳባታለን። ዛሬ የሺ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ብትተኩስ ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መሰለ። የሺ እንዲህ አትስትም። አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አዙሬ አየሁት፤ ውስጡ ተበልቷል።

ስለዚህ አዲስ አፈሙዝ ይታዘዛል። መታዘዝም አለበት። ግንቦት ላይ የእኛ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ይወዳደራሉ፤ ሁለት ተኳሾች ብቻ ተመርጠው ባሕር ዳር ለክልሉ ቡድን ይገባሉ። የሺ ከገባች ሰው ሆነች ማለት ነው። ካልገባች እኔ ጋራዥ ውስጥ ባጃጅ እያጠበች ታረጃለች።

አፈሙዝ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ውስጡ እንደ ብሎን ጥርስ የሚዞር ቦይ አለው፤ ጥይቱ በዚያ እየተሽከረከረ ይወጣል። እንዝርት ሽክርክሪቱ ሲያንስ እንደሚወላገድ ጥይትም እንደዚያው ነው። ጥያቄው ቦዩ በስንት ኢንች አንድ ጊዜ ይዙር ነው። የብዙዎቹ በአሥራ ስድስት ይዞራል። እኔ የምፈልገው በዘጠኝ የሚዞረውን ነው። ረጅምና ከባድ ጥይት ፈጣን ሽክርክሪት ይፈልጋል፤ ከባድ ጥይት ደግሞ ነፋስ አይጫወትበትም። ማኅበራችን ጋ ሁለት ሳጥን ከባድ ጥይት አለ። የከተማችንም ስም ንፋስ መውጫ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ስልኬ አስተማረኝ።

የካቲት 9

ሜዳ ላይ ክርክር ሆነ። የሺ ሰው ሁሉ ባለበት፣

«አያ ይታየው፣ ከባዱ ጥይት ሲያልቅስ? ከእንግዲህ የሚገኘው ሁሉ ቀላሉ ነው። ቀላሉ ደግሞ የተሠራው ለአሥራ ስድስት ነው» አለች።

«ሲያልቅማ ለነጋዴ እንድርሻለን፣ ሻለቃ። ጥይቱን በአይሱዙ ያመጣልሻል።»

ሻለቃ የምላት ስትተኩስ ፊቷ ስለሚኮሳተር ነው። ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

«አያ፣ የምሬን እኮ ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። የጨው ነጋዴ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ለቤትም ይተርፋል።»

ደግመው ሳቁ። እሷ አጎንብሳ የጠመንጃዋን ማነጣጠሪያ መነጽር ትወለውል ጀመር። ንጹሕ መነጽር ነበር።

የእስቴው አሠልጣኝ አድማሱም ለጉብኝት መጥቶ ነበር። መካነ ኢየሱስ ከተማ የስፖርት መምህር ነው፤ ዲግሪ አለው። «ልጅቱ ያለችው ያስኬዳል፣ ጋሼ» አለኝ። አምና የጠመንጃውን መነጽር ዙሪያ ጥላሸት ቀብቼበት ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይኑ ጠቁሮ የዋለ ሰው ነው፤ ማንም አልነገረውም፤ ከወረዳ የመጡ እንግዶችን ሳይቀር ጨብጧል። እሱ ነው ዛሬ ስለ አፈሙዝ የሚያስተምረኝ።

የካቲት 12፣ ሚካኤል

ማኅበራችን እንደ ጽዋ ማኅበር በየወሩ በሚካኤል ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢውንም ሙሴ ነው የምንለው። ሙሴያችን መልአኩ ነው። ልጅ ሳለን ቤተ ልሔም ድጓ ልንማር አብረን ሄደን አብረን የጠፋን ሰዎች ነን፤ ከዚያ ወዲህ ከእሱ የደበቅሁት ነገር የለም። ተኩስ ግን አይሆንለትም። ኢላማዋን እንደ ሙሴ ከሩቅ ያያታል እንጂ አይገባባትም። ይህን በየወሩ እነግረዋለሁ፤ በየወሩ ይስቃል።

ዛሬ ስለ ዘጠኝ ተናገርኩ። ብዙ ተናገርኩ። እንዝርት አምጥቼ መደቡ ላይ አሾርኩላቸው። ጨርሼ ተቀመጥኩ።

«እንግዲህ» አለ ሙሴ፣ ጠላውን አስቀምጦ፣ «ይታየው እንዳለው ይሁን። እሺ።»

«እሺ» አሉ ሁሉም በየተራ።

የሺ መጨረሻ ላይ ነበረች። «እሺ፣ አያ።»

ደስ አለኝ። ስወጣ ደጃፉ ላይ ጫማዎቻቸውን ሁሉ አቀላቅዬ ሄድኩ።

የካቲት 21

አፈሙዙ ታዟል አለኝ ሙሴ። «ዘጠኝ ነው አይደል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሺ አልኩህ እኮ!» አለ።

የካቲት 25

ጾም ገባ። ሥራ በዛ። ሦስት ባጃጅ፣ አንድ የውኃ ፓምፕ። ብረት መያዣዬ ሞርሳ ጥርሱ ተሰብሯል። አፈሙዙ የለም።

መጋቢት 7

አፈሙዙ የለም። ሙሴ ስልኩን አያነሳም። የሺን «ሙሴ ሲና ተራራ ወጥቶ ቀረ እንዴ?» ብላት «ይመጣል» አለች። ሌላ አላለችም። በዚህ ዕድሜዋ ምን ያሳስባታል?

መጋቢት 14

መጣ! መጣ ብቻ ሳይሆን ተገጥሞ ነው የመጣው። ሙሴ ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ወስዶ አስገጥሞት ነው። እኔ የምገጥመው መስሎኝ የሞርሳውን ጥርስ አሠርቼ፣ ዘይት ገዝቼ ነበር የጠበቅሁት።

«እንዳይደክምህ ብዬ ነው» አለ።

እኔ ደክሞኝ የሚያውቀው መቼ ነው? ይሁን። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 9 ተብሎ ተጽፏል። ካርቶኑን ይዤ ገብቼ ከሞርሳው በላይ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ማታውን፦ ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ሞከርናት። በከባዱ ጥይት። የሺ የተኮሰችው ሁሉ በአንድ የሻይ ስኒ አፍ ውስጥ አደረ። ነፋሱ ደግሞ ጋቢ የሚገፍ ነበር። ዞሬ ለሁሉም አንድ በአንድ እጅ ነሣሁ። «አሥራ ስድስት ያላችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ» አልኩ። የሺን «ነጋዴው ቀረብሽ» አልኳት። የሚገርመው ማንም አልተከራከረኝም። ሰው ሲሸነፍ እንዲህ በጨዋ ደንብ ሲሸነፍ አይቼ አላውቅም።

መጋቢት 16

ጠመንጃዋን ላጽዳ ብል የሺ እኔ አጸዳለሁ አለች። ሙሴም፣ «የቶርኖ ቤቱ ባለሙያ አዲስ አፈሙዝ እጅ አይብዛበት ብሏል» አለኝ። ልጅቱ ሠለጠነች። እኔ ነኝ ያሠለጠንኳት።

መጋቢት 22፣ ደብረ ዘይት

ከቅዳሴ መልስ በማድ ቤቱ ጀርባ ሳልፍ ማሚቴና ሙሴ ያወራሉ። ማሚቴ፣ «እስከ መቼ ነው እሱ የማያውቀው?» ትላለች። ሙሴ፣ «እስከ ውድድሩ ብቻ ነው፣ እትዬ። ከዚያ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።» ማሚቴ፣ «ልጅቱ እኮ እንቅልፍ አጣች።»

ድምፄን አጥፍቼ አለፍኩ። ለፋሲካ የሆነ ነገር እያሰቡልኝ ነው። ጋቢ ይሆናል። የእኔ ጋቢ ማለቁን ማሚቴ ሁለት ጊዜ አንስታለች። ያላወቅሁ መስዬ እጠብቃቸዋለሁ፤ ስጦታውን ሲሰጡኝም «ይህ የማን ከፈን ነው?» ብዬ አስደነግጣቸዋለሁ።

ሚያዝያ 5

የሺ ራሷን አሟት ቀረች። ሙሴ ደብረ ታቦር ሄዷል። ከልካይ ስላልነበረ ጠመንጃዋን እኔ አጸዳኋት።

የማጽጃው ዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ አጥብቄ አፈሙዙ ውስጥ ገፋሁት። እጀታው ቦዩን ተከትሎ በራሱ ይዞራል። አዟዟሩ ግን ለእጄ አዲስ አልሆነበትም። ዘጠኝ ፈጠን ይላል። ይህ ቀስ ይላል። ይህን እጄ ያውቀዋል፤ አሮጌው አፈሙዝ እንደዚህ ነበር።

ቀይ ክር አመጣሁ። ዘንጉ ላይ አሰርኩት፤ ቋጠሮው ወደ ሰማይ እንዲያይ አደረግሁ፤ ዘንጉ ላይ ምልክት አበጀሁ። ቋጠሮው ዞሮ እንደገና ወደ ሰማይ እስኪያይ ገፋሁ። ሌላ ምልክት። ለካሁት።

አሥራ ስድስት።

ጨርቁ ተንሸራትቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ጨርቅ ቀየርኩ። አሥራ ስድስት። ሜትሬ የቻይና ነው ብዬ ከልብስ ሰፊው ተዋስኩ። አሥራ ስድስት።

ማምሻውን፦ ካርቶኑን ከግድግዳው አውርጄ አየሁት። 9 የተጻፈው በእስክሪብቶ ነው። ጅራቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የሙሴን የእጅ ጽሑፍ ሳላውቀው ቀርቼ ነው? የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ስንት ዓመት አይቻለሁ።

ጋቢ አልነበረም።

የሺ ታውቃለች። ማሚቴ ታውቃለች። «እሺ» ያሉኝ ሁሉ ያውቃሉ። ሜዳ ላይ እጅ ስነሣቸው፣ ይቅር ይበላችሁ ስላቸው፣ አንድም ሰው ያልተከራከረኝ ለምን እንደነበር አሁን ገባኝ፤ አዝነውልኝ ነው። በእኛ አገር ለትልቅ ሰው ፊት ለፊት እምቢ አይባልም፤ እሺ ይባልና የልብ ይሠራል። ይህን አላውቅም? ለቀበሌ፣ ለንስሐ አባቴ፣ ለዘመድ አዝማድ ስንቱን እሺ ብያለሁ! ግን መልአኩ እኔን እሺ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም። የየሺ ደግሞ የባሰ ነው። ጠመንጃ ጉንጯ ላይ ማስደገፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ትንፋሽ ማቆም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አባቷ ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀን አስከፍቻት አላውቅም፤ ሳስቃት ነው የኖርኩት።

ለማንም አልናገርም። መጥተው ይንገሩኝ።

ሚያዝያ 8

ካርቶኑን መልሼ ሰቀልኩት።

ሚያዝያ 12

ዛሬ ሜዳ ላይ «ዘጠኟ እንዴት ዋለች?» ብዬ ጠየቅሁ። የሺ «ደህና ናት» አለች። «ዘጠኝ መሆኗ ያስታውቃል፣ አይደል ሙሴ?» ሙሴ አሳለው። ደስ የሚል ሳል ነበር። አምስት ስድስት ጊዜ ዘጠኝን አነሳሁ። ለክርስትና የሚመጣ ልጅ ካለ ዘጠኝ እንበለው አልኩ። ማንም አልሳቀም፤ እኔ ሳቅሁላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ገባኝ። ልጅቱ ቀላሉን ጥይት መተኮስ ትፈልጋለች፤ አፈሙዙ የተሠራው ለእሱ ነው። ቀላሉን ከተኮሰች ግን እኔ «ለዘጠኝ ምነው ቀላል?» እላታለሁ። ስለዚህ በእኔ ፊት ከባዱን ትተኩሳለች። ከፍታችን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ስስ አየር ደግሞ ጥይትን ብዙ ስለማይታገለው፣ አሥራ ስድስቱም ከባዱን እንደምንም ቀጥ አድርጎ ይዞታል። ያ ሸፈነላቸው። ያ ነው እኔንም ያሞኘኝ። እስካሁን ተሳክቶላቸዋል። እንይ።

ሚያዝያ 20፣ ፋሲካ

ጾም ተፈታ። በጉን ሙሴ አረደልን፤ እንደ ሁልጊዜው። ስሞ «እንኳን አደረሰህ» ሲለኝ ጉንጬን ሰጠሁት።

ከምሳ በኋላ የሺ ብቻዋን ጋራዡ በር ላይ መጥታ ቆመች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ካርቶኑን ታያለች።

«አያ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር።»

የጠበቅሁት እሱን ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። «ነጋዴው መጣ እንዳትዪኝ ብቻ!»

«አይ፣ ይቆይ» ብላ ተመለሰች።

ልትነግረኝ ከፈለገች በአንድ ቀልድ ትመለሳለች? ከልቧ አልነበረም ማለት ነው።

ሚያዝያ 24

ወሬ መጣ። ውድድሩ ንፋስ መውጫ መሆኑ ቀርቷል። ሜዳችን ላይ ለትምህርት ቤት ግንባታ ድንጋይ ስለተራገፈ ስማዳ፣ ከወገዳ በታች ቆላው ላይ ይሆናል።

ቆላ።

ቆላ ላይ አየሩ ይወፍራል። አሥራ ስድስት እዚህ እያንገዳገደ ያቆመውን ከባድ ጥይት እዚያ አያቆመውም። ጥይቱ እንደ ሰካራም ይወላገዳል፤ ወረቀቱን በጫፉ ሳይሆን በጎኑ ይቀደዋል። ከመቶ ሜትር በኋላ የት እንደሚሄድ መልአክም አያውቅም። ዘጠኝ ቢሆን ኖሮ ቆላም ደጋም አንድ ነበር። ይህን ነበር የነገርኳቸው። እንዝርት አሹሬ።

ይህን ከመካከላቸው የሚያውቅ የለም። ሙሴ አያውቅም። የሺ አታውቅም። እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀላሉን ጥይት ተኩሺ ብላት ይበቃል። አንድ ቃል ነው። ግን ያን ከተናገርኩ ማወቄን ተናገርኩ፤ ከዚያ እነሱ ሳይናዘዙ እኔው ፈታኋቸው ማለት ነው። ጊዜ አለ። አንድ ሰው ይነግረኛል። ከነገሩኝ ያኔውኑ እነግራታለሁ።

ሚያዝያ 27

ማንም አልነገረኝም።

ሚያዝያ 29

ዛሬም። ከሳጥኑ ግርጌ አንድ ፓኮ ቀላል ጥይት ቀርቶ አገኘሁ። ኪሴ ከተትኩት። መጥፎ ሰው አይደለሁም።

ግንቦት 1፣ ልደታ

ንፍሮውን ደጅ ቁጭ ብለን ስንበላ ማሚቴ፣

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

«ምን ሆንኩ?»

«ቀልድህ ዘንድሮ ይነክሳል። ልጄ አንተ ስትመጣ ትነሳለች፤ አላየህም?»

«ምነው፣ የምትደብቀኝ ነገር አለ እንዴ?»

ማሚቴ የንፍሮውን ሳህን አንስታ ገባች። እሷም ዕድሏን አሳለፈች። ገና ነገ አለ።

ግንቦት 2፣ ወገዳ

በሚኒባስ ወረድን። መንገድ ላይ ልነግራት ቆርጬ ነበር። እውነቴን ነው። ከጎኗ ተቀምጬ ነበር፤ እጄም ኪሴ ውስጥ ፓኮው ላይ ነበር። ያኔ ሙሴ ከፊት ወንበር ዞሮ፣ «እንግዲህ የይታየው ዘጠኝ ነገ ስማዳን ታሳየዋለች!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

በእኔ ነው የሳቁት። እጄን ከኪሴ አወጣሁ።

አልጋው ቁንጫ አለው። ሙቀት።

ግንቦት 3

አልጽፍም ዛሬ።

ግንቦት 4፣ ንፋስ መውጫ

የትናንቱን እጽፈዋለሁ።

የልምምድ ተኩስ ይፈቀዳል፤ ከውድድሩ በፊት ጥቂት። የሺ ምንጣፉ ላይ ተኛች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ቦታው ሙቀት፣ አንድ ቅጠል የማይነቃነቅበት። የመጀመሪያው ወረቀቱን አልነካም። መነጽሩን አስተካከለች። ሁለተኛው አልነካም። ሦስተኛው ነካ። እኔም በማኅበሩ የሩቅ ማያ መነጽር አየሁት፤ ቀዳዳው ክብ አልነበረም። የስንዴ ፍሬ የመሰለ ረጅም ቅድ ነበር። በጎኑ ነው የገባው።

የሺ ራሷን ከሰደፉ ቀና አደረገች። ሙሴን አላየችም። ዞራ እኔን አየችኝ።

ጎንበስ ብዬ ፓኮውን ክርኗ አጠገብ አስቀመጥኩላት። «ቀላሉን ሞክሪ» አልኳት።

ፓኮውን አየችው። እንደገና እኔን። ሌላ ሰው ቢሆን ተኩሱን ነበር የሚያስበው። እሷ ግን በቀስታ፣

«መቼ አወቅህ?» አለችኝ።

«ከሆሳዕና በፊት።»

ፊቷ ላይ የሆነውን መጻፍ አልችልም። አላለቀሰችም። አልተቆጣችም። ከሆሳዕና ወዲህ ያለውን ሁሉ፣ ዘጠኝ ያልኩበትን ቀን ሁሉ፣ ጋራዡ በር ላይ የቆመችበትን ፋሲካ፣ ሚኒባሱን፣ ሁሉንም መልሳ እያየችው ይመስል ዓይኗ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፓኮውን ቀደደች።

ቀላሉ ጥይት በዚያ ርቀት የት እንደሚወድቅ ከዚህ አፈሙዝ ተኩሳ አታውቅም። በእኔ ፊት አትተኩሰውማ፤ እኔ ደግሞ ከሜዳ ቀርቼ አላውቅም። ማወቅ የነበረባት በልምምድ ነበር፤ ልምምዱ አልቋል። የመጀመሪያዎቹን በውድድሩ ላይ አባከነች። ቦታውን ስታገኘው ግን እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንዲህ ስትተኩስ አይቻት አላውቅም፤ አንዱ በሌላው ላይ ነበር የሚያርፈው። አድማሱ ሳይቀር ቆሞ አያት።

ሦስተኛ ወጣች። ከእስቴ አንድ፣ ከስማዳ አንድ ተወሰደ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም ስለ ዘጠኝ አላነሳም። የሺ ከኋላ ነበር የተቀመጠችው።

ግንቦት 6

የተከዳሁት እኔ ነኝ። ይህን እዚህ ላስፍረው፤ አሁን ሁሉም ረስቶታልና። አፈሙዙን የቀየርኩ እኔ አይደለሁም። ካርቶን ላይ የሐሰት ቁጥር የጻፍኩ እኔ አይደለሁም። እሺ ብዬ የዋሸሁ እኔ አይደለሁም። እኔ ምንም አላደረግሁም።

ምንም።

ግንቦት 8

መልአኩ መጣ። ሙሴ ብዬ ልጠራው አፌ አልታዘዘልኝም። ሞርሳው አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠ።

«አዎ፣ ዋሽቼሃለሁ» አለ። «ልጅቱ ለምናኝ ነው። ከባዱ ጥይት ቢያልቅ ባሕር ዳር ሄዳ በምን ትተኩስ? እኔም ሳስበው ልክ ናት። ያኔ ብነግርህ ግን ሜዳ ላይ ሰው ሰብስበህ ትስቅባት ነበር።»

«እኔ ነኝ በየሺ ላይ የምስቅ?»

«አንተ ነህ፣ ይታየው።»

«ቀልድ ነው እኮ!»

«ቀልድ ነው። እሷ ግን የምትነግርህ ነገር ሁሉ ቀልድ ሆኖ ሲመለስባት ምን ትሁን?» ካርቶኑን ቀና ብሎ አየ። «እኛ የዋሸንህ እንዳይከፋህ ብለን ነው። ጥፋት ነው፤ እግርህ ላይ እወድቃለሁ። አንተ ግን ዝም ያልከው ለምን ነበር?»

«ትነግሩኝ እንደሆነ ልይ ብዬ።»

«እስከ ኢላማው ድረስ?»

አፌ ላይ የመጣ ነበር። ቀልድ ነበር። ዋጥሁት። መልአኩ ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ተነሳ። እግሬ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ክንዱን ይዤ አቆምኩት። ይህን ያህልማ ሰው ነኝ።

ግንቦት 10

የሺ ሰላም ትለኛለች። ምሳ ታቀርብልኛለች። ልብሴን አጥባ አንጠልጥላልኛለች። ማሚቴን «ይቅር ብላኛለች» ብላት፣ «ምን ይቅር የሚባል አለ ትላለች» አለችኝ። ጥሩ ነው። እኔ ግን ገና ይቅር አላልኳትም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ግንቦት 13

አድማሱ ደውሎላታል። መካነ ኢየሱስ መጥታ ከእስቴ ማኅበር ጋር እንድትሠራ፤ በሚቀጥለው ዓመት በእስቴ ስም እንድትወዳደር። ማሚቴ እሺ ብላለች። የነገረችኝ ራሷ የሺ ናት፤ እንጀራ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ እንደ ተራ ወሬ። ማንን እንዳማከረች አልጠየቅሁም።

ጋይንትን ለእስቴ! ሌላ ሰው ቢነግረኝ አንድ ወር ሙሉ የምስቅበት ነገር ነበር።

ግንቦት 15

ዛሬ አሳፈርኳት። ሻንጣውን ልሸከም ስል አልከለከለችኝም። መናኸሪያው በሰው ተሞልቷል። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ፍየል ይጭናሉ። በመስኮት በኩል ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሻርፗን ስታስተካክል ከሥር ቆሜ፣

«ሻለቃ፣ እስቴዎች ከባድ ጥይት ካጡ ነጋዴውን እልክላቸዋለሁ!» አልኳት።

ሳቀች። ወዲያው ነው የሳቀችው፤ ጥርሷ ታየ፤ ራሷንም ነቀነቀችልኝ። ቄስ እቤት ሲመጣ፣ የወረዳ እንግዳ ሲያወራ እንደሚሳቀው ዓይነት፣ የጨዋ ደንብ ሳቅ። «በል ደህና ሁን፣ አያ። በርትተህ ሥራ።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት፣ ሕፃን የታቀፈች፣ የሆነ ነገር አለቻት። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። የሺ ግን ፊቷን ወደ ሴቲቱ አዙራ ጉልበቷን እየመታች ስትስቅ አየሁ፤ ድምጿ ከሞተሩ በላይ እስከ እኔ ድረስ መጣ። አውቶቡሱ ታጥፎ ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ እየሳቀች ነበር።